የኢንተርኔቱ ኒካህ ምስክሮች

እየሩሳሌም፣ ቃታሞኒም
ኅዳር 21 ቀን 1997 ዓ.ም.

ልጄ ሉባባ፣

እንዴት ሰነበትሽ? አባትሽ አቶ ይማምስ፣ ያ ጉልበታቸው ብርዱን ቻለው? የምታስተምሪያቸው ልጆች ዘንድሮም ያስጮሁሻል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ስልሽ ግን ወገቤን ሳልጨምር ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አርባ ቀን አልፎታል፤ ዝም በማለቴ አፈር ልብላ። ሰበብ አላጣሁም። መጀመሪያ የኛ የቤተ እስራኤሎች በዓል ስግድ ደረሰና አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ላይ ስንጾም ስንጸልይ ዋልን፤ እዚያው ብርድ መታኝ። ከዚያ ደግሞ መንገደኛ ጠፋ። አንቺዬ፣ በሰው እጅ ካልሆነ ልቤ አያርፍም። ጎንደር የሚሄድ ሰው የሚገኘው እዚሁ ኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና፣ ከደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። እዚያ ስመላለስ መነኮሳይቶቹ ለመዱኝና ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «እማዋይሽ፣ የዛሬው መንገደኛ ጎጃሜ ነው፣ ላንቺ አይሆንም» ይሉኛል።

ወረቀቱ ምን ሆነ ላልሽው፣ ሼህ እንድሪስ የጻፉትን የኒካህ ወረቀት አስተርጉሜ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ሚስራድ ወሰድኩት፤ መታወቂያና ቪዛ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ማለቴ ነው። ጥፍሯን እንደ ጣዎስ የቀባች ጸሐፊ አነበበችው።

«ሙሽራው የት ነበር?» አለችኝ።

«እዚሁ እየሩሳሌም፣ ያፎ መንገድ፣ ኢንተርኔት ቤት።»

«ሙሽሪትስ?»

«ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ኢንተርኔት ቤት።»

«ታዲያ ያገባው ማነው፣ ኮምፒዩተሩ?» ብላ ሳቀች።

እኔ ልተዋት! «ስሚኝ ልጄ፣ አባቷ በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ቀርበው ‹ሰጥቻለሁ› ብለዋል። ልጄም ‹ተቀብያለሁ› ብሏል፤ መስመሩ እየተቆረጠ ሦስት ጊዜ ነው ያለው። ያንቺው ባል አንድ ጊዜ ብሎ አግብቶሽ ይሆናል፤ አሁን ካንቺ ጋር አለ?» አልኳት። ለካ ፈታለች፤ ሳቋ ክስም አለ።

ከዚያ በኋላ ፊት አልሰጠችኝም። «እዚህ ላይ ሱሌይማን አህመድ ይላል፤ የኛ መዝገብ የሚያውቀው ሽሎሞን ነው፤ ሽሎሞ ደግሞ አይሁዳዊ ነው» አለች። እውነቷን ነው። በሰማንያ ሦስት ከአውሮፕላን ስንወርድ መዝጋቢው የልጄን ስም ሲሰማ «ሱሌይማንማ በኛ ሽሎሞ ነው» ብሎ ጻፈው። የእናቱን ሃይማኖት አይቶ አይሁዳዊ አለው፣ ያባቱ ስም በሚጻፍበት ቦታ ያባቴን ስም ሞላ። እዚህ አገር ደግሞ ጋብቻ የየሃይማኖቱ ነው፤ ረቢ ለአይሁድ፣ ቃዲ ለእስላም፣ ቄስ ለክርስቲያን። መሀል ላይ የወደቀ ሰው አውሮፕላን ይሳፈራል። «ቆጵሮስ ሄደው ይጋቡና ይምጡ» አለችኝ፣ እዚሁ ታልፒዮት ሰፈር ደርሳችሁ ኑ እንደሚባል አድርጋ። ላንቺ የቆጵሮስ ቪዛ ማን ይሰጥሻል ብላት፣ ተራ ጠባቂውን ጠራች።

ሱሌይማን ደህና ነው። ጋራዡ ሥራ በዝቶበት ነው ያልጻፈልሽ። ሌላ ነገር የለም።

እናትሽ እማዋይሽ

*

ጎንደር
ታኅሣሥ 18 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ ለወይዘሮ እማዋይሽ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ወገብዎን አላህ ያሽርልዎ። አባቴ ደህና ነው፤ ሰላምታውን አቅርቢልኝ ብሎኛል፤ ካለው ውስጥ የሚጻፈው ይህ ብቻ ነው።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጸሐፊዋ ፍቺ አወቅሁ፣ ስለ መነኮሳይቶቹ አወቅሁ። ስለ ባሌ ግን አንድ መስመር ተኩል ነው ያገኘሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በጋራዥ ሥራ የበዛበት ሰው እጁ ዘይት ይነካዋል እንጂ አይቆረጥም።

እኔም በበኩሌ ሞክሬአለሁ። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ጋብቻዬን መዝግቡልኝ አልኩ። አቶ ስሜነህ የሚባሉት ሹም ጥሩ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ። «የኔ እመቤት፣ በሕጋችን ተጋቢዎች ሁለቱም በአካል ይቀርባሉ። በወኪል የሚሆነው ከባድ ምክንያት ኖሮ ፍትሕ ሚኒስቴር ሲፈቅድ ነው። በምስል መቅረብ የሚል አንቀጽ የለኝም» አሉኝ። በሃይማኖት ሥርዓት ተጋብተናል ብላቸውም «ታዲያ ሁለታችሁም ኑና ንገሩኝ» አሉ። ተመልሶ እዚያው ነው።

ኒካሁ ከታሰረ አንድ ዓመት ከወር ሆነ። በሰፈሩ ስሜ «የኢንተርኔቷ ሙሽራ» ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ከአዘዞ ሽማግሌዎች ለሌላ ሰው ሊጠይቁኝ መጡ። አባቴ «ባለ ባል ናት» ሲል፣ አንደኛው ሽማግሌ «ባሏ በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» አሉ። አባቴ ሸኝቷቸው ሲመለስ ራቱን አልበላም።

ሌላ ባል አልፈልግም። ሱሌይማን ያባቱን መቃብር ሊያይ መጥቶ በሦስት ሳምንት ውስጥ ልቤን ወስዶት ሄዷል። ግን ሚስት ነኝ ወይስ አይደለሁም? በወር አንዴ ሲደውልልኝ ይህንኑ እጠይቀዋለሁ፤ እሱም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው የሚሰጠኝ፤ «እናቴን ጠይቂ» ይለኛል።

ይኸው ጠየቅሁዎ።

አክባሪዎ ሉባባ

*

እየሩሳሌም
የካቲት 4 ቀን 1997 ዓ.ም.

ልጄ ሉባባ፣

ተቆጥተሻል። ይገባሻል፤ እኔም ባንቺ ዕድሜ ብሆን እንዲህ ባለ ትሕትና አልቆጣም ነበር። የአዘዞውን ሽማግሌ ግን ምላሱን ነቀዝ ይብላው።

ቁጭ ብዬ አልከረምኩም። የሸሪዓውን ፍርድ ቤት አጠያይቄ ሄድኩ። ነጠላዬን አጣፍቼ ስገባ ዘበኛው «እናቴ፣ ሕክምናው በዚያ በኩል ነው» አለኝ። ቃዲው ሸበቶ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። በተሰበረ ዕብራይስጤ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው።

«ጎንደር ላይ ከአባትየው ጋር ማን ነበር?»

«አጎቷና አንድ ጎረቤታቸው፣ ሼሁም።»

«ሙስሊሞች?»

«እንዴታ!»

«እዚህስ፣ ከሙሽራው አጠገብ ማን መሰከረ?»

እኔ ሞኟ ደረቴን ነፍቼ «ወንድሜ ጎበዜና ወዳጃችን ሙላት። ሐሰት የማያውቁ፣ ሰንበት የማይሽሩ ሰዎች!» አልኳቸው።

ቃዲው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ሰንበት?» አሉኝ።

አንቺዬ፣ እኛ አገር ምስክር ማለት ጨዋ ሰው ማለት አይደል? ሼህ እንድሪስም ያን ቀን በመስኮቱ «ምስክር አለ ወይ?» ቢሉ፣ ጎበዜ በጎንደር ወግ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ጤና ይስጥልኝ አላቸው፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው አለፉ። ቃዲው ግን «ሰዎቹ ደግ መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ለሙስሊም ኒካህ ግን ምስክሩ ሙስሊም ነው» አሉ። ቀጥለው የጠየቁኝን ብተወው ይሻለኝ ነበር፤ «ከዚያ ኢንተርኔት ቤት ወጥተሽ አሮጌው ከተማ እስካለው ደማስቆ በር ብትራመጂ ሁለት መቶ ሙስሊም ታገኚ ነበር። ምነው?» አሉኝ። አላሰብነውም አልኳቸው።

ስለ ኢንተርኔቱም ጠየቅኋቸው። ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙበትም አሉ። አንዱ ሰጪና ተቀባይ ባንድ ቦታ ካልተቀመጡ ውሉ አልታሰረም ይላል። ሌላው ድምፁ ከተሰማ፣ ሰውየውም እሱ መሆኑ ከታወቀ፣ ምስክሩም ከሰማ ይበቃል ይላል። «ለኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አለ» አሉ። «ልጅሽ በመዝገብ አይሁዳዊ ነው፤ እኔ የምዳኘው ሙስሊሙን ነው። ራሱ ይምጣና ያባቱን ሃይማኖት ያስመዝግብ። ከዚያ እንደገና ማሰር ቢያስፈልግም አሥራለሁ።»

እንዲህ ሆነ። ነገሩን ከሱሌይማን ጋር እንመክርበታለን። አትቸኩይ ልጄ። ኦሽሪትን፣ ታናሽ እህቱን፣ በክረምቱ ልድራት ነው፤ ቤቱ ሁሉ በሷ ጉዳይ ተወጥሯል።

እናትሽ

*

ጎንደር
መጋቢት 2 ቀን 1997 ዓ.ም.

ወይዘሮ እማዋይሽ፣

ለኦሽሪት የምሥራች። አላህ ይባርክላት።

የቃዲውን ቃል ለሼህ እንድሪስ ወስጄ አነበብኩላቸው። እሳቸውም «እዚህ ሁለት ሙስሊም በጆሮው ሰምቷል፤ አባትሽ ሰጥቷል፤ ልጁም የአህመድ ልጅ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በኔ ዘንድ ሚስቱ ነሽ» አሉኝ። እሺ፣ ሚስት ከሆንኩ ሊፈታኝስ ቢፈልግ እዚህ መምጣት አለበት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «የለም፤ ፈትቻታለሁ ብሎ ካፉ ካወጣ፣ በስልክም በደብዳቤም ይሁን ይደርሳል» አሉ።

ስለዚህ እናቴ፣ ነገሩን እንደ ትምህርት ቤት ጥያቄ ልጻፍልዎ። እዚህ ለሼሁ ሚስት ነኝ። ለአቶ ስሜነህ ልጃገረድ ነኝ። ለናንተ ቃዲ አጠራጣሪ ነኝ። ለናንተ ጸሐፊ የኮምፒዩተር ሚስት ነኝ። ለመጋባት የሁለት አገር ሕግና ሁለት የሃይማኖት ዳኛ አልበቃንም፤ ለመፍታት አንድ ሰውና አንድ ስልክ ይበቃል። ሳስበው ግድግዳውን በጡጫ መምታት ያምረኛል።

ቃዲው መንገዱን አሳይተዋል፤ አንድ መዝገብ ማስቀየር ነው። ልጅዎ እዚህ መጥቶ ካባቱ መቃብር ላይ ያለቀሰ ሰው ነው፤ ያባቱን ስም አያፍርበትም። ታዲያ ማን ነው የከለከለው? ከተማው ሙሉ ሙስሊም እያለስ ለምን ያጎቱንና የወዳጃችሁን ጆሮ ብቻ መረጣችሁ? አላሰብነውም ያሉትን ቃዲው አምነው ይሆናል። እኔ መምህር ነኝ፤ የቤት ሥራውን ረሳሁት የሚል ልጅ በቀን አሥር ጊዜ ይገጥመኛል።

እውነቱን ይጻፉልኝ። ካልሆነም ሱሌይማን ደውሎ ይፍታኝ።

ሉባባ

*

እየሩሳሌም
ሚያዝያ 10 ቀን 1997 ዓ.ም.

ልጄ ሉባባ፣

ቤቱን ለፋሲካ እያጸዳሁ ነው፤ እርሾ ያለበት ሁሉ ይወጣል። አንዱን ነገር ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከምንጣፍ ሥር ሸሽጌ ኖሬአለሁ። እሱንም ልጥረገው።

የከለከልኩት እኔ ነኝ።

አንቺ ጎንደር ስላለሽ አይታይሽም። እዚያ አህመድ ሸማኔው ከሸክላ ሠሪዋ እማዋይሽ ጋር እንደኖረ የማያውቅ የለም። ወገኖቼ ሄደችብን ብለው እንደ ሞተ ሰው አልቅሰውብኛል። አህመድ ሲሞትብኝ ወንድሜ ጎበዜ መጥቶ እኔንም ልጆቼንም እጃችንን ይዞ መለሰን። እዚህ ቃታሞኒም ያሉት ጎረቤቶቼ ደግሞ የቋራና የአርማጭሆ ሰዎች ናቸው፤ አያውቁኝም። ባልሽ ማን ነበር ሲሉኝ ሞቷል እላለሁ። ስሙን ሲጠይቁኝ አለቅሳለሁ። የምታለቅስ ሴት ስም አትጠየቅም።

እዚህ ምስጢሬን የሚያውቁት ጎበዜና ሙላት ብቻ ናቸው። ምስክር ያደረግኋቸውም ለዚሁ ነው። ከደማስቆ በር ሁለት ሰው ባመጣ ኖሮ «ይህ ልጅ የማን ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። የልጄን ኒካህ ያበላሸሁት በፍርሃቴ ነው፤ የኮምፒዩተሩ ጥፋት አይደለም።

ሱሌይማን ገና ዱሮ «መዝገቤን ላስቀይር፣ ያባቴን ስም ልመልስ» ብሎኝ ነበር። ኦሽሪት ትዳር እስክትይዝ ታገሠኝ አልኩት። የአማቾቿ ወገን አጥንት ቆጣሪ ነው፤ ልጅቷን ረቢው ሊያጋባት ይችላል፣ እነሱ ግን «የእስላም ልጅ» ብለው ቢተዉብኝስ? በዚህ ተጣላን። «አባቴን አንድ ጊዜ ቀበርነው፤ አንቺ ግን በየቀኑ ትቀብሪዋለሽ» አለኝና ወጥቶ ሄደ። ከጥቅምት ወዲህ ታልፒዮት ከጋራዡ ጓደኛው ጋር ነው የሚያድረው። እናቴን ጠይቂ ያለሽም ገመናዬን በራሱ አፍ ላለማውጣት ነው። ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ የጻፍኩልሽ ሁሉ እንዲህ ነበር።

ዛሬ ልብሱን ሊወስድ መጥቷል፤ አሁን ጓዳ ሆኖ ይጎረጉራል። ይህን ደብዳቤ ኢትዮጵያ መንገድ ወስዶ ለመንገደኛ እንዲሰጥልኝ እሱኑ ልልከው ነው። ምን እንደጻፍኩ አልነገርኩትም።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ገና ምንም አላስተካከልኩም።

እማዋይሽ

*

ጎንደር
ግንቦት 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

እናቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ያደረሰው መንገደኛ በራችን ላይ ቆሞ «ከእየሩሳሌም መልእክት አለሽ» ሲል፣ አባቴ ወንበር ሊያመጣለት ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር። ድምፁን ሲሰማ ወንበሩን ጣለው።

ልጅዎ ነው። ልብሱን ሊወስድ ሳይሆን ፓስፖርቱን ሊወስድ ነበር የመጣው። ደብዳቤውን ሳይከፍት አምጥቶ ሰጠኝ፤ አብረን አነበብነው። ሲጨርስ ውጭ ወጥቶ ብዙ ቆየ። ተመልሶ ሲገባ «ስሙን ጻፈችው፤ አህመድ ብላ ጻፈችው» አለ።

እኔ ግን አልተቀየምኩም ብዬ አልዋሽዎትም። እርስዎ ጎረቤት ፈርተው በቆዩበት ጊዜ ሁሉ እኔ እዚህ የጎረቤት መሳቂያ ሆኜ ከርሜያለሁ። ይህንን ጽፌ ካልወጣልኝ በቀር እናቴ ብዬ ልጠራዎ አልችልም፤ ይኸው ጻፍኩት።

ሼህ እንድሪስ «የመጀመሪያው ይበቃል፤ ግን ጥርጥር ያለበትን ነገር ማጥራት ደግ ነው» ብለው አርብ ዕለት ባባቴ ቤት ኒካሁን አደሱት። አንድ ክፍል፣ ሁለት ሙስሊም ምስክር። ሱሌይማን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ተቀብያለሁ ያለው፤ መስመሩ አልተቆረጠም።

ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሁለታችንም በአካል ቀረብን። አቶ ስሜነህ ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሉን። ከዚያ ፓስፖርቱን ገለጡ። «ሽሎሞ ማነው?» አሉ። ሱሌይማን ራሱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ አልሳቅሁም። የአህመድ ልጅ ሱሌይማንና በፓስፖርት ላይ ያለው ሽሎሞ አንድ ሰው ስለመሆናቸው ማስረጃ አምጡ ተባልን። አባት የለም። የልደት ወረቀት አልነበረውም። አጎቱ ቢመሰክርም ያጎት ቃል አይበቃም፤ እዚያ አገር በመሐላ የተረጋገጠ የእናት ቃል ያስፈልጋል። «እኔ የአህመድ ሚስት ነበርኩ፤ ይህ ልጅ ከሱ የወለድኩት ነው» የሚል። ያለ እሱ ምዝገባ የለም፤ ያለ ምዝገባ ደግሞ የናንተው መሥሪያ ቤት ፋይል አይከፍትም። የምርጫው ግርግር ስላለ ቢሮው ላንድ ሳምንት ሥራ አይሠራም፤ ከዚያ በኋላ እንጠብቃችኋለን ብለውናል።

ሱሌይማን ጋራዡን ትቷል። ወረቀቱ ሳይመጣ አልመለስም ይላል። ለእርስዎ እንዳልጽፍልዎ ከልክሎኝ ነበር፤ «አላስገድዳትም» አለኝ። እኔም ላስገድድዎ አይደለም የጻፍኩት። ግን እውነቱን ይጻፉልኝ ብዬ ለምኜ ሳበቃ፣ እኔ ልደብቅዎ አልችልም።

ልጅዎ ሉባባ

*

እየሩሳሌም
ሰኔ 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ልጄ ሉባባ፣

ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ማኅተሙ እንዳይታጠፍ በካርቶን አድርጌዋለሁ፤ አቶ ስሜነህ ጠርዙን አይተው ሰበብ እንዳያወጡበት።

ወር ሙሉ የፈጀሁት ስላመነታሁ ነው። ለመንገደኛ አላሳብብም፤ መንገደኛ ሞልቶ ነበር። ሁለት ጊዜ ከጠበቃው ደጅ ደርሼ ተመለስኩ። ሦስተኛው ላይ ለኦሽሪት ነገርኳት። «እማዬ፣ እኔ እኮ አባቴ ሲሞት አራት ዓመቴ ነበር፤ ሶላት ሲሰግድ ጀርባው ላይ እወጣ ነበር። ረስታዋለች ብለሽ ነው?» አለችኝ። እንግዲህ ከማን ስደበቅ ነው የኖርኩት? አማቾቿ ምን እንደሚሉ ገና አላውቅም። እሱን ለኔ ተዉት።

ጠበቃው ደግሞ ደስታዬን በቁሙ ቆረጠው። ጎንደር ላይ ቢመዘገብም እዚህ ፋይል ይከፈታል ማለት እንጂ ገብተሽ ትኖሪያለሽ ማለት አይደለም አለኝ። ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ጥያቄ፣ ቀጠሮ። እኔ እንኳ ይህን ሁሉ ደረጃ ወጥቼ! ልሰድበው ነበር፤ ሥራው ነው ብዬ ተውኩት። ለሱሌይማን ንገሪው፤ ጋራዡን ጠይቄአለሁ፤ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ገብቷል።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አልዘጋም። ቃሉን የሰጠሁት በአማርኛ ነው፤ ሕጉ ደግሞ በአስተርጓሚ ተነቦልኝ፣ ተረድቼው እንድፈርም ያዛል። ጠበቃው አስተርጓሚ አስጠራ። በሩ ሲከፈት ማን ብትገባ ጥሩ ነው? ውባለም! ከኛ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው፣ የኦሽሪት አማት ያክስት ልጅ። ሐሙስ የሰማችውን ነገር ቃታሞኒም ሰንበት ሳይገባ ያዳርሰዋል። ሌላ ሰው አምጡልኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ሌላ ሰው የሚገኘው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ተባለ።

ተቀመጠች። መነጽሯን አደረገች። ወረቀቱን ለራሷ አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ። ጆሮ ለጆሮ ስንገናኝ የኖርን ሰዎች ነን፤ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ «እማዋይሽ፣ እርግጠኛ ነሽ? ይህን ልተርጉመው?» አለችኝ።

«ተርጉሚው» አልኳት። «አህመድ የሚለውን ጮክ አድርጊው።»

እናትሽ እማዋይሽ፣
የአህመድ ሚስት